ኮዴን ሲንክ በሚያደርግ ፎልደር ውስጥ አስቀምጬ ያየሁት ፍዳ

ጠዋት ነው፣ ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ ማታ በትልቁ ኮምፒውተር የጀመርኩትን ልቀጥል ነው፣ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ጊት ስታተስ አልኩ፣ ጊት የኮድን የለውጥ ታሪክ የሚይዝ ፕሮግራም ነው፣ ስታተስ ደግሞ አሁን ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ትእዛዝ። "ፋታል፣ ባድ ኦብጀክት ሄድ" አለኝ። በቃ ይሄው ነው፣ ሌላ ማብራሪያ የለ ምን የለ። ደግሜ ጻፍኩት፣ ያው። ጊት ሎግ አልኩ፣ ያው። ተርሚናሉን ዘግቼ ስከፍተው የሚስተካከል መስሎኝ ሁሉ ዘግቼ ከፍቻለሁ፣ ሰው ሲደነግጥ የማያደርገው ነገር የለም መቼም።

ማታ የሰራሁት ደግሞ ቀላል ነገር አልነበረም። ሳምንት ሙሉ የበጠበጠኝን ባግ አግኝቼው፣ አስተካክዬው፣ ቴስቱ ሁሉ አልፎልኝ፣ ደስ ብሎኝ ኮሚት አደረግኩና (ለውጡን ጊት ታሪክ ውስጥ መዘገብኩ ማለት ነው) ወዲያው ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ተኛሁ። ፑሽ አላደረግኩም፣ ማለትም ኮሚቱን ኢንተርኔት ላይ ወዳለው የጊት ሰርቨር አልላክኩም። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ግን የኔ ሂሳብ እንዲህ ነበር፣ ፎልደሩ ራሱ ክላውድ ላይ ነው ያለው፣ ሲንክ የሚያደርገው ፕሮግራም ፋይሉን ወደ ክላውድና ወደ ሌላኛው ኮምፒውተር በራሱ ጊዜ ይልከዋል፣ ጠዋት ላፕቶፑ ላይ አገኘዋለሁ፣ ታድያ ፑሽ ለማድረግ ምን ያስቸኩለኛል? ሁለት አመት ያህል እንደዛ ነው የሰራሁት፣ ምንም ሆኖብኝ አያውቅም ነበር። ወይም ሆኖብኝ አላወቅኩም ነበር ማለት ይሻላል።

የትኛው ሰርቪስ እንደሆነ አልናገርም፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የሱ ሳይሆን የኔ ነው፣ ደግሞ በዚህ ነገር ሁሉም ያው ናቸው።

ምን እንደተፈጠረ ላስረዳ፣ እኔም እስከዛ ቀን ድረስ ጊት ታሪኩን የሚያስቀምጥበትን፣ ዶት ጊት የሚባለውን ፎልደር ከፍቼ አይቼው አላውቅም ነበርና። ኮሚት ስታደርጉ ጊት መጀመሪያ ነገሮቹን ጨምቆ ኦብጀክትስ የሚባል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። የእያንዳንዱ ስም ከራሱ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ 40 ፊደልና ቁጥር ነው፣ የመጀመሪያዎቹ 2 የፎልደር ስም ይሆናሉ፣ የቀሩት 38 የፋይሉ ስም። ይሄን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ፣ ልብ በሉ ከጨረሰ በኋላ፣ ሬፍስ የሚባል ፎልደር ውስጥ ሜይን የምትባል ትንሽዬ ፋይል ላይ "የመጨረሻው ኮሚት ይሄ ነው" ለማለት እነዛን 40 ፊደላት ይጽፋል። ፋይሏ 41 ባይት ናት፣ 40ው ፊደልና አንድ የመስመር መጨረሻ፣ በቃ። ይሄ ቅደም ተከተል ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ መሀል ላይ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ እንኳን ሜይን የምትጠቁመው የድሮውን ኮሚት ስለሆነ ምንም አይበላሽም ተብሎ የታሰበበት ነው።

ሲንክ የሚያደርገው ፕሮግራም ይሄን ከየት ያውቀዋል? እሱ የተለወጠ ፋይል ያያል፣ ይልካል። የቱን አስቀድሞ የቱን አስከትሎ እንደሚልክ የራሱ ጉዳይ ነው። ያን ማታ 41 ባይቷ ሄዳለች፣ ትልልቆቹ ኦብጀክቶች ግን ገና ሰልፍ ላይ እያሉ እኔ ኮምፒውተሩን ጥርቅም አድርጌ አጠፋሁት። ጠዋት ላፕቶፑ ላይ የደረሰው ሜይን "ኮሚቱ ይሄውላችሁ" ይላል፣ ኮሚቱ ግን የለም። ቤቱ ሳይሰራ አድራሻው ደረሰ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ለሲንክ ፕሮግራም ፋይል ማለት ለብቻው የቆመ ነገር ነው፣ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ሲቪ። አንዱ ፎቶ ቢዘገይ ሌላው ፎቶ አይበላሽም። የጊት ሪፖ (በጊት የተያዘ ፕሮጀክት ከነታሪኩ) ግን እንደዛ አይደለም፣ እነዛ በሺ የሚቆጠሩ ፋይሎች አንድ ላይ ሲሆኑ ነው እውነት የሚሆኑት፣ አንዷ ጎድላ ወይ ወደኋላ ቀርታ ከተገኘች ሌሎቹ ሁሉ ውሸታም ይሆናሉ። ይሄን ደግሞ እኔ አይደለሁም ያገኘሁት፣ የጊት የራሱ የጥያቄና መልስ ገጽ ላይ የትኛውንም የሪፖ ክፍል በክላውድ ሲንክ አታመላልሱ፣ ኦብጀክት ይጠፋል፣ ሬፍ (እንደ ሜይን ያለ ጠቋሚ) ይበላሻል ብለው በግልጽ ጽፈውታል። እኔ ያነበብኩት ከተበላሸ በኋላ ነው፣ እንደ ሁላችንም።

እሺ፣ እስካሁን የጠፋ ነገር የለም። ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ኦብጀክት በሰላም ቁጭ ብሏል። ማድረግ የነበረብኝ ትልቁን ኮምፒውተር ከፍቶ አፕሎዱ እስኪያልቅ ዝም ብሎ መጠበቅ ብቻ ነበር። ግን እኔ መጠበቅ የት አውቄ! ላፕቶፑ ላይ ሆኜ ሜይን የምትባለዋን ፋይል በኤዲተር ከፍቼ፣ ከሬፍሎጉ (ሜይን የት የት እንደነበረች ከሚመዘግበው ፋይል) የትናንትናውን ኮሚት ቁጥር ፈልጌ፣ በእጄ ጻፍኩበት። ሰራ! ጊት ስታተስ ተመለሰ። ጎበዝ ነኝ አልኩ በሆዴ። ከዛ ሌላ ስራ ጀመርኩ፣ ሁለት ኮሚት አደረግኩ፣ ስታሽም አድርጌያለሁ (ያላለቀ ለውጥን ኮሚት ሳያደርጉ ለጊዜው ማስቀመጥ ነው)፣ ከሰአት በኋላ ትልቁን ኮምፒውተር ከፈትኩ።

ከዛ በኋላ የሆነውን ለማየት አቅም ይጠይቃል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሁለት የተለያየ ሜይን አላቸው፣ ሁለት የተለያየ ኢንዴክስ (ጊት የሚከታተላቸው ፋይሎች ዝርዝር)፣ ሁለት የተለያየ ሎግ። ሲንክ ፕሮግራሙ እንዲህ አይነት ነገር ሲገጥመው ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ አንዱን በቦታው ይተውና ሌላውን "ኮንፍሊክትድ ኮፒ" ከሚል ስም ጋር፣ ቅንፍና ቀን ጨምሮበት፣ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። ለወርድ ዶክመንት ይሄ በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ ሁለቱንም ከፍታችሁ ታስታርቃላችሁ። ሬፍስ ፎልደር ውስጥ ግን ጊት እያንዳንዱን ፋይል እንደ ብራንች (ራሱን የቻለ የስራ መስመር) ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ያለው ብራንች ሲያገኝ "ስሙ የተበላሸ ሬፍ፣ ዘልዬዋለሁ" እያለ ይጮሃል። በየትእዛዙ ይጮሃል። ኢንዴክሱ ደግሞ ከላፕቶፑ የመጣው ስለነበር ጊት ያልነካኋቸውን ፋይሎች ሁሉ ተለውጠዋል ይለኝ ጀመር። ስታሾቼ ደግሞ ዝርዝራቸው ያለው አንዲት የሎግ ፋይል ውስጥ ነው፣ እሷ በላፕቶፑ ኮፒ ተተክታለች።

እንዴት እንደወጣሁበት ባጭሩ፣ ኢንተርኔቱን አጠፋሁ፣ ፎልደሩን እንዳለ ከሲንኩ ውጪ ኮፒ አደረግኩ፣ የላፕቶፑንም እንደዛው፣ ከዛ የኮንፍሊክት ፋይሎቹን ከኮፒው ላይ አጽድቼ ጊት ኤፍኤስሲኬ አስኬድኩ። ይሄ ትእዛዝ ሪፖውን እየዞረ የጎደለውንም ባለቤት ያጣውንም ይነግራችኋል። የላፕቶፑን ሁለት ኮሚቶች ከአንዱ ፎልደር ወደ ሌላው ፌች አድርጌ አመጣሁ፣ ጊት ለካ ከፎልደር ወደ ፎልደርም ፌች ያደርጋል። ስታሾቹን ግን "ዳንግሊንግ ኮሚት" (ባለቤት ያጣ ኮሚት) ብሎ ካወጣልኝ ረጅም ዝርዝር ውስጥ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ነው የፈለግኳቸው። ከሶስቱ ሁለቱን አገኘሁ። አንድ ቀን ተኩል ሄደ።

ከዛ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ሌሎቹን ነገሮች ማስታወስ የጀመርኩት። ለካ ሁለት አመት ሙሉ ኮምፒውተሩ ነው የተበላሸው፣ ፓኬጁ ነው የተበላሸው እያልኩ ያለፍኳቸው ነገሮች ግማሾቹ ከዚሁ የመጡ ናቸው።

ለምሳሌ ኖድ ሞጁልስ፣ ፕሮጀክቱ የሚጠቀምባቸው የሌሎች ሰዎች ፓኬጆች የሚወርዱበት ፎልደር። ጃቫስክሪፕት የምትሰሩ ታውቁታላችሁ፣ መካከለኛ የምትባል ፕሮጀክት እንኳን ውስጧ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ፋይል ይኖራታል፣ አብዛኛው ከጥቂት ኪሎባይት የማይበልጥ። ሲንክ የሚያደርግ ፕሮግራም ደግሞ የሚጨነቀው በመጠን አይደለም፣ በቁጥር ነው። አንድ ትልቅ ቪዲዮ ይሻለዋል። ለእያንዳንዷ ትንሽ ፋይል ከፍቶ ማንበብ አለበት፣ ሀሽ (ከይዘቱ የሚወጣ መለያ) ማስላት አለበት፣ ሰርቨሩን "አለችህ ወይ?" ማለት አለበት፣ የራሱ ዳታቤዝ ላይ መመዝገብ አለበት፣ ሌላ ኮምፒውተር ካለ እዛም ይሄው ሁሉ ይደገማል። የኔ ላፕቶፕ ፋን ኤንፒኤም ኢንስቶል (ፓኬጆቹን የሚያወርደው ትእዛዝ) ባልኩ ቁጥር ሊነሳ እንደሆነ አውሮፕላን ይጮህ ነበር፣ እኔ ደግሞ ላፕቶፑ አርጅቷል ብዬ ሌላ ለመግዛት ሁሉ አስቤ ነበር። ማይክሮሶፍት ራሱ ዋንድራይቭ በደንብ እንዲሰራ በጠቅላላው ከ300,000 ፋይል በላይ ሲንክ ባታደርጉ ይሻላል ይላል። ለተራ ተጠቃሚ ይሄ የእድሜ ልክ ፋይል ነው፣ ለኛ ግን አስር ፕሮጀክት ብቻ ይበቃል።

ከዛ ደግሞ የሁላችንም መድኃኒት አለ አይደል፣ የሆነ ነገር አልሰራ ሲል ኖድ ሞጁልስን ዲሊት አድርጎ እንደገና ኢንስቶል ማድረግ። ሲንክ ፎልደር ውስጥ ይሄ ማለት አስር ሺዎች ዲሊት ክላውድ ላይ፣ አስር ሺዎች ፋይል ወደ ሪሳይክል ቢን፣ ወዲያው አስር ሺዎች አዲስ ፋይል አፕሎድ። "በዛ ያለ ፋይል አጥፍተዋል፣ እርስዎ ነዎት ወይ?" የሚል ኢሜይል ሲመጣ አካውንቴን ሰው የሰረቀው መስሎኝ ፓስወርድ የቀየርኩበት ቀን አለ። አንዳንዴ ደግሞ ያጠፋሁት ፎልደር ከግማሽ ሰአት በኋላ ግማሽ ፋይሉን ይዞ ተመልሶ ይመጣል፣ ሌላኛው ኮምፒውተር ገና ዲሊቱን ስላልሰማ የራሱን መልሶ እየላከ ነዋ።

ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ኢንስቶሉ መሀል ላይ "ኢቢዚ" ወይ "ኢፐርም" ብሎ የሚቆምበት ነገር አለ። ኤንፒኤም ፋይሉን ስሙን ሊቀይር ወይ ሊያጠፋ ይሞክራል፣ ሲንኩ ደግሞ በዛችው ሰከንድ አፕሎድ ላድርገው ብሎ ፋይሉን ከፍቶ ይዞታል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የተያዘ ፋይል አያስነካም። ደግማችሁ ስታስኬዱት ይሰራል። ይሄ ነው የሚያበሳጨው፣ ሁሌ ቢበላሽ ኖሮ እኮ ምክንያቱን እንፈልገው ነበር፣ ከአስር አንዴ ስለሆነ ግን "አይ ኤንፒኤም" ብለን እናልፈዋለን። ዶትኔት የሚሰሩ ልጆች ቢን እና ኦብጅ የሚባሉት ፎልደሮች ላይ ይሄንኑ ያያሉ፣ ቢዩልዱ (ኮዱን ወደሚሰራ ፕሮግራም የሚቀይረው ሂደት) ዲኤልኤል ፋይሉን መጻፍ አልቻልኩም ይላል።

ሌላው፣ ፓኬጁ ቢደርስ እንኳን ሌላኛው ኮምፒውተር ላይ አይሰራም። አንዳንዱ ፓኬጅ ለማክ የተለየ፣ ለዊንዶውስ የተለየ፣ ለሊነክስ የተለየ ባይነሪ ነው የሚያወርደው፣ ማኩ ላይ የወረደው ዊንዶውሱ ላይ ሲንክ ተደርጎ ቢመጣ ምን ያደርጋል? የፓይተን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንትም (የአንድ ፕሮጀክት ፓኬጆች ለብቻ የሚቀመጡበት ፎልደር) እንደዛው ነው፣ ውስጡ ያሉት ስክሪፕቶች ፓይተን የት እንዳለ ሙሉ አድራሻውን በውስጣቸው ጽፈው ነው የሚቀመጡት፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የዩዘሩ ስም እንኳን ከተለየ አለቀ። እነዚህ ነገሮች እኮ መጀመሪያውኑ መመላለስ የለባቸውም፣ የፓኬጆቹ ዝርዝር ካለበት ከሎክ ፋይሉ ወይ ከሪኳየርመንትስ ፋይሉ ላይ በደቂቃ ውስጥ እንደገና የሚሰሩ ናቸው።

አሁን ደግሞ የሚያስቀው። ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ፋይሉ በስም ብቻ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጥበት፣ ስትከፍቱት ብቻ የሚወርድበት ነገር አለ፣ ዋንድራይቭ ላይ ፋይልስ ኦን ዲማንድ የሚሉት ከ2017 ጀምሮ የመጣው፣ ማክ ላይ ደግሞ ኦፕቲማይዝ ስቶሬጅ። ለፎቶ ግሩም ነገር ነው። ለኮድ ግን ይሄን አስቡት፣ ሶስት ወር ያልነካችሁትን ፕሮጀክት ከፍታችሁ አንድ ቃል ሰርች ስታደርጉ ኤዲተሩ እያንዳንዱን ፋይል ሊያነብ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ፋይል ከክላውድ መውረድ ይጀምራል፣ ኤዲተሩ ድርቅ ይላል። ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ቢዩልዱ የለም ማለት ነው። ማክ ላይ ሶኖማ ከሚባለው ቨርዥን በፊት ደግሞ ይባስ ብሎ የፋይሉን ስም ራሱ ይቀይረው ነበር፣ ከፊት ነጥብ፣ ከኋላ ዶት አይክላውድ ይጨምርበታል፣ እናማ ኮምፓይለሩ "እንደዚህ የሚባል ፋይል የለም" ይላል፣ እናንተ ደግሞ ፋይንደር ላይ ፋይሉን በዐይናችሁ እያያችሁት ነው። እንዲህ አይነቱን ነገር ለሰው ስትናገሩ እንቅልፍ ነው የሚያስፈልግህ ይሏችኋል።

ዳታቤዝም አለ። ለሎካል ቴስት ብላችሁ ኤስኪውላይት የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ዋል በሚባለው ሞድ ላይ ዳታቤዙ አንድ ፋይል ሳይሆን ከጎኑ ሌሎች ሁለት ፋይሎች አሉት፣ ገና ወደ ዋናው ያልገባው ዳታ ያለው እዛ ውስጥ ነው። ሲንኩ ዋናውን በአንድ ሰአት፣ ጎረቤቱን በሌላ ሰአት ይወስዳል። ከዛ ሌላኛው ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ወይ ዳታ ጎድሎ ታገኙታላችሁ ወይ ጭራሽ ተበላሽቷል ይላችኋል። ያው እንደ ጊቱ ነው፣ አንድ ላይ ካልሆኑ ትርጉም የላቸውም።

ጥቃቅኖቹን ቶሎ ልለፋቸው። በትልቅና በትንሽ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ፋይሎች ሊነክስ ላይ አብረው ይኖራሉ፣ ዊንዶውስና ማክ ላይ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የፋይሉ ሰአት ሲንክ ሲደረግ ሊቀየር ይችላል፣ ሜክ የሚባለው የቢዩልድ ፕሮግራም ደግሞ በሰአት ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ያልተነካውን ሁሉ እንደገና ይቢዩልዳል። ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) እና ኤክስኪዩተብል ፐርሚሽን (ፋይሉን የማስኬድ ፈቃድ) መሀል መንገድ ላይ የሚቀሩበት ጊዜ አለ። የመስሪያ ቤት ዋንድራይቭ ከሆነ ፎልደሩ ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታና ሰረዝ አለው፣ አድራሻውን በጥቅስ ያላስገባ ስክሪፕት ሁሉ እሱ ላይ ይሰበራል። አድራሻው ራሱ ሲረዝም ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ያ የድሮው 260 ፊደል ገደብ ይመጣል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው። ዶት ኢኤንቪ። የዳታቤዝ ፓስወርድ፣ የኤፒአይ ኪይ፣ ምናምን የምናስቀምጥበት ፋይል። ሁላችንም ጊትኢግኖር (ጊት እንዲተዋቸው የምንነግረው ዝርዝር) ውስጥ አስገብተነዋል፣ ጊትሀብ ላይ አይወጣም፣ ተጠንቅቀናል ብለን እንተኛለን። ሲንክ ፕሮግራሙ ግን ጊትኢግኖርን አያነብም! ለሱ ዶት ኢኤንቪ እንደማንኛውም ፋይል ነው፣ ክላውድ ላይ ይወጣል፣ ከአካውንቱ ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ይወርዳል፣ ፎልደሩን ለሆነ ሰው ሼር ካደረጋችሁት እሱም ጋ ይደርሳል። ብታጠፉት እንኳን የድሮ ቨርዥኖችን ስለሚያስቀምጥ ለተወሰነ ጊዜ እዛው አለ። እኔ አንድ የቆየ ፕሮጀክት ዲዛይን ለሚሰራልኝ ልጅ ፎልደሩን እንዳለ ሼር አድርጌለት ነበር፣ ምስሎቹን እንዲያይ ብዬ። ልጁ ታማኝ ነው፣ ምንም አልሆነም፣ ግን ስድስት ወር ሙሉ የፕሮዳክሽን ፓስወርዱ እሱ ላፕቶፕ ላይ ነበር፣ እሱም አያውቅም እኔም አላውቅም። ያን ቀን ሁሉንም ኪይ ቀየርኩ።

ታድያ አንድ ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ስነግረው "እኔ አራት አመት እንደዛ ነው የምሰራው፣ ምንም አልሆንኩም" አለኝ። እውነቱን ነው። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ካላችሁ፣ ፕሮጀክቱ ትንሽ ከሆነ፣ ኢንተርኔቱ ፈጣን ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምንም ላይፈጠር ይችላል፣ ፋይሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደውና የሚጣላው የለም። አደጋው የሚመጣው ሁለተኛው ኮምፒውተር የመጣ ቀን ነው፣ ወይ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ከክላውዱ ሪስቶር ልታደርጉ የሞከራችሁ ቀን። ያኔ ነው ክላውዱ ላይ ያለው ሪፖ ሙሉ ይሁን አይሁን የምታውቁት። ጓደኛዬን "ሌላ ቦታ ዳውንሎድ አድርገውና ኤፍኤስሲኬ አስኪድበት እስቲ" አልኩት። እሺ ብሎኛል፣ እስካሁን አላደረገውም።

ብዙ ሰው ደግሞ ሲንክ ውስጥ መሆኑን ራሱ አያውቅም። እኔ አውቄ ነው የገባሁበት፣ ግን ዊንዶውስ አዲስ ኮምፒውተር ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ዴስክቶፕና ዶክመንትስን ዋንድራይቭ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል፣ ማክም ከሲየራ ጀምሮ፣ ከ2016 ማለት ነው፣ ዴስክቶፕና ዶክመንትስን አይክላውድ ላይ የማድረግ ምርጫ አለው፣ አንዴ እሺ ብሎ ያለፈ ሰው ይረሳዋል። የፎልደሩን ሙሉ አድራሻ ተርሚናል ላይ እዩት፣ ዊንዶውስ ከሆነ መሀሉ ላይ ዋንድራይቭ የሚል ቃል ካለ አላችሁበት። ማክ ላይ አድራሻው ላያሳብቅ ስለሚችል ሴቲንጉን ነው ማየት።

አሁን የምሰራው እንዲህ ነው። ኮዴ ሆም ፎልደሬ ውስጥ፣ ከዶክመንትስ ውጪ፣ ራሱን በቻለ ፎልደር ነው ያለው፣ ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ። በሁለቱ መሀል የሚያገናኛቸው ፑሽና ፑል (መላክና ማምጣት) ብቻ ነው። ስራው ባያልቅም ማታ ላይ የራሴ ብራንች ከፍቼ "ያላለቀ" ብዬ ኮሚት አድርጌ ፑሽ አደርጋለሁ፣ ኮሚቱ አያምርም፣ በኋላ ስኳሽ አደርገዋለሁ (ከሌሎቹ ጋር አንድ ኮሚት አደርገዋለሁ)፣ ማንም አይሞትም። ስታሽ ማድረግ ግን በጣም ቀንሻለሁ፣ ስታሽ ፑሽ አይደረግም። ሚስጥሮቹ ፓስወርድ ማናጀር ውስጥ ናቸው።

ክላውዱን አልተውኩትም ደግሞ። ሳምንት ሳምንት ጊት ባንድል የሚባለውን ትእዛዝ ዳሽ ዳሽ ኦል ብዬ አስኬድና ሁሉም ብራንችና ታሪኩ አንድ ፋይል ሆኖ ይወጣል፣ እሱን ሲንክ ፎልደሩ ውስጥ እጥለዋለሁ። አንድ ፋይል ነው፣ ወይ ደርሷል ወይ አልደረሰም፣ ግማሽ የሚባል ነገር የለውም፣ ክሎንም ይደረጋል (ሙሉው ሪፖ ከሱ ላይ ይወጣል)። ሲንክ የተሰራው ለእንዲህ አይነቱ ነው። ከዛ ውጪ አንድ ኤክስተርናል ዲስክ አለኝ።

የግድ እዛው መስራት ካለባችሁ፣ አንዳንድ መስሪያ ቤት ላፕቶፑን ቆልፎት ሌላ ቦታ አያስቀምጥም፣ ቢያንስ የሚተወውን ንገሩት። ድሮፕቦክስ ላይ ፎልደሩ ላይ በምትለጥፉት ምልክት ይሄን እለፈው ማለት ይቻላል፣ አይክላውድ ደግሞ ስሙ በዶት ኖሲንክ የሚያልቅ ፎልደርን አይነካም። ግን ኖድ ሞጁልስን ብቻ አስወጥታችሁ ዶት ጊትን ብትተዉት ፋኑ ዝም ይላል እንጂ ዋናው ችግር እዛው ነው።

ልታወጡት ከሆነ ደግሞ ጎትታችሁ እንዳታወጡት! ከሲንክ ፎልደር ጎትቶ ማውጣት ለክላውዱ ዲሊት ነው፣ ሌላኛው ኮምፒውተር ላይ ያለውም አብሮ ይጠፋል፣ እዛ ያልተላከ ስራ ካለ አለቀላችሁ። መጀመሪያ ሁሉንም ብራንች ፑሽ፣ ከዛ ሲንኩ ጨርሻለሁ እስኪል መጠበቅ፣ ከዛ ፖዝ አድርጎ አዲሱ ቦታ ላይ ክሎን። ዶት ኢኤንቪ፣ ስታሽ፣ ሎካል ዳታቤዝ፣ እነዚህ በክሎን አይመጡም፣ በእጅ ነው። ዶት ኢኤንቪውን ረስቼ ሰርቨሩ ለምን አይነሳም እያልኩ ግማሽ ሰአት አቃጥያለሁ፣ ይሄን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ማለት ነው። የድሮውን ፎልደር አንድ ወር አትንኩት።

የኔ የድሮው ፎልደር እስካሁን አለ፣ አንድ ወሩ ካለፈ ቆይቷል። ስሙን "እንዳትነካ" ብዬ ዲስኩ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ያ ሶስተኛው ስታሽ ውስጥ ምን እንደነበር አሁን በደንብ አላስታውስም፣ የሆነ የፎርም ቫሊዴሽን ነገር ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ማታ ስራ ሲሰለቸኝ ዳንግሊንግ የሚለውን ዝርዝር ከፍቼ እንደገና እፈልገዋለሁ።